የንብ መርዝ መሰብሰቢያ ስሠራ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ሦስት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ንቦቹን የማያቸው ጠዋት ሱቅ ሳልከፍትና እሑድ እሑድ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ማር ስንቆርጥ ሊያግዘኝ ከደሴ ወረደ። አንዲት ንብ አንገቱ ላይ ነደፈችው። አንዲት ብቻ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰውነቱ በሙሉ ሽፍታ ወረሰው፣ ድምፁ ተዘጋ፣ ራሱን ሳተ። ባጃጅ ውስጥ አስገብተነው በረርን። አድሬናሊን ተወግቶ ተረፈ። እኔ ግን በዚያው ቀን ሃያ ጊዜ ያህል ተነድፌያለሁ። እጄ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልለቀቀኝም፦ እዚያች ጠብታ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ስለዚህ መርዙን ራሴ ሰብስቤ ላየው ወሰንኩ። ንቧ ሳትሞት መርዟን የምትሰጥበት መንገድ አለ። ቤንተን፣ ሞርስና ስቱዋርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ዘዴውን አሳትመውታል። መስታወት ይነጠፋል። ከመስታወቱ በላይ፣ ሳይነኩት፣ ቀጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ይወጠራሉ። አንዱ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩ ኔጋቲቭ ነው። ንቧ ሁለቱን አንድ ላይ ስትረግጥ ትንሽ ኮረንቲ ይነካትና ተቆጥታ ከሥሯ ያለውን መስታወት ትወጋለች። መስታወት እንደ ቆዳ አይበሳም። መንደፊያዋ አይሰካም፣ አይነቀልም። መርዟን ጠብ አድርጋ ትሄዳለች።

ቆዳችን ላይ ግን ሌላ ነው። የሠራተኛ ንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ አለው። አንዴ ከገባ አይወጣም። ንቧ ስትበር ከነመርዝ ከረጢቱ ተገንጥሎ ይቀራል፣ እሷም ትሞታለች። የተገነጠለው መንደፊያ የራሱ ጡንቻና የነርቭ ቋጠሮ ስላለው ብቻውን መርዝ መግፋቱን ይቀጥላል። አብዛኛው መርዝ በ20 ሰከንድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በጥፍርም ሆነ በምላጭ፣ ዋናው ቶሎ ማውጣት ነው።

የዚህ ሳምንት ወጪ፦ ሞራሌና የአናጺ 350 ብር። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት፣ ሦስት ቁራጭ፣ 540 ብር። የብረት ማሰሪያ ሽቦ 120 ብር። 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 2,200 ብር። ባትሪው ይከብዳል፣ ግን ሌላ አማራጭ አላገኘሁም።

ጥቅምት፣ 3ኛ ሳምንት

ፍሬሙ 30 በ40 ሴንቲሜትር ነው። ሽቦዎቹን በ6 ሚሊሜትር ርቀት ወጠርኳቸው። ይህ ስህተት እንደሆነ በኋላ ታይቷል፤ እመለስበታለሁ።

ሰርኪዩቱ ቀላል ነው። ቮልት ከፍ የሚያደርግ ሞጁል (450 ብር) 12ቱን ቮልት ወደ 28 ያወጣዋል። 555 ታይመር አይሲ (ጊዜ የሚቆጥር ቺፕ) ደግሞ በሞስፌት (የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ኮረንቲውን ያበራል፣ ያጠፋል። ሐሳቤ 2 ሰከንድ ኮረንቲ፣ 4 ሰከንድ እረፍት ነበር። አይሲው፣ ሞስፌቱና ጥቃቅኑ 180 ብር ወሰዱ። የታይመሩን ጊዜ የሚወስነውን ካፓሲተር አዲስ አልገዛሁም። ከአንድ አሮጌ ራዲዮ ቦርድ ላይ ነቀልኩት።

በእርጥብ ጣት ነካሁት። ደህና ነው፣ ትንሽ ይነዝራል። ቴስተሩም 28 አነበበ። ረክቼ ተኛሁ።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት

ማር ሳይቆረጥ መርዝ መሰብሰብ አልፈለግኩም። አንድም መርዙ ማሩን እንዳይነካ፣ አንድም ንቦቹ ከማር ቆረጣው በፊት እንዳይቆጡ። የአደይ አበባው ማር ተቆርጦ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መሣሪያውን አንደኛው ቀፎ በር ላይ አስቀመጥኩና አበራሁት።

የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አልነበረም። ሽቦው ሰፊ ስለሆነ ብዙዎቹ ንቦች አንዱን ሽቦ ብቻ እየረገጡ ያልፋሉ። ሁለቱን የረገጡት ግን አልለቀቁም። ደርቀው ቀሩ። ታይመሩ አላጠፋም! ያ አሮጌ ካፓሲተር ሞቶ ኖሮ ኮረንቲው ያለ እረፍት እየሄደ ነበር። ሽቦ ላይ የተጣበቁትን አይቼ ገመዱን እስክነቅል ግማሽ ደቂቃ አልፏል።

በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ አየሩ ተለወጠ። የበሰለ ሙዝ ሸተተኝ። ንብ የሚያነብ ሰው ይቺን ሽታ ያውቃታል። አይሶአሚል አሲቴት ይባላል፣ ሙዝ ራሱ የሚሸትበት ኬሚካል ነው። መርዝ አይደለም። ከመንደፊያው ሥር ካለ ሌላ እጢ የሚወጣ የ"ድረሱልኝ" ምልክት ነው። አንዷ ስትለቀው ሌሎቹ ይወጣሉ፣ ሽታው ያለበትን ቦታ ይነድፋሉ፣ እነሱም በተራቸው ይለቁታል። ጢስ የምናጨስበት አንዱ ምክንያት ይኼን ሽታ ስለሚሸፍነው ነው። እኔ ጢሱን ከመሣሪያው አርቄ አስቀምጬው ነበር።

ቀፎው ተነሣ። ለእኔ ዓይነ ርግብና ልብስ ነበረኝ። የጎረቤቴ ዶሮዎች ግን ምንም አልነበራቸውም። ሁለቱ ሞቱ።

የዶሮዎቹ ባለቤት፣ ጎረቤቴ እማማ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነው አዩኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። "አብሽር ልጄ፣ የሰው ነፍስ ይትረፍ እንጂ" አሉኝ። የዶሮውን ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ማር ወሰድኩላቸው፣ ተቀበሉ። በማግስቱ ግን በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦ "ይኼን ሥራህን ዶሮ ሲሰፍር አድርገው።" እኔ ያላሰብኩትን ነበር የነገሩኝ።

መስታወቱ ላይ የተገኘ መርዝ፦ ሊፋቅ የማይችል። የሞቱ ንቦች፦ አርባ ያህል ቆጥሬያለሁ። ይኼ ልቤን ነካው። የተሠራው እንዳይሞቱ ተብሎ ነበር።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት

ካፓሲተሩ ተቀየረ። ቮልቱን ወደ 24 አወረድኩት። ሽቦዎቹን በሙሉ ፈትቼ በ4 ሚሊሜትር ወጠርኳቸው። ለዚህ ብቻ 75 ሽቦ፣ 30 ሜትር ማለት ነው። ጣቴ ቆሰለ።

ሰዓቱ ተቀየረ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ። ዶሮ ይሰፍራል፣ ንብ ይገባል፣ ወዲያው ይጨልማል። የተቆጡት ብዙ ሳይርቁ ይመለሳሉ። ለእማማ ከአንድ ቀን በፊት እነግራቸዋለሁ።

በዚህ ሠራ። ንቦቹ ኮረንቲው ሲነካቸው ሆዳቸውን አጥፈው መስታወቱን ይወጋሉ፣ ሲቆም ይሄዳሉ። አንድም አልሞተም። መስታወቱን ስፍቀው ትንሽ ዱቄት ወጣ። ቀለሙ ግን ቢጫ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው። ንጹህ ደረቅ መርዝ ነጣ ያለ መሆን አለበት።

ምክንያቱ ሽቦው ነው። የንብ መርዝ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 ሲያንስ አሲድ ነው) ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ነው። የማሰሪያ ሽቦ በአንድ ቀን ዛገ። ዝገቱ ከመርዙ ጋር ተቀላቀለ። ጣልኩት። 120 ብሩም አብሮ ሄደ።

ኅዳር፣ 4ኛ ሳምንት

ስቴንለስ ሽቦ ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርኩ። ደሴ አጣሁ። በመጨረሻ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ብረት ብየዳ ቤት፣ ስቴንለስ የሚበየድበት 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ጥቅልል ተገኘ። ፋብሪካ ያለበት ከተማ መኖር ለእንዲህ ያለው ይጠቅማል። የቀረውን ጥቅልል በ600 ብር ሸጡልኝ። ጠንካራ ስለሆነ መወጠሩ ከባድ ነው፣ አንዴ ከተወጠረ ግን አይላላም።

ሌላም ችግር ነበረ። የሞራሌው እንጨት ምሽት ላይ እርጥበት ይስብና በሽቦዎቹ መሀል ኮረንቲ ያሾልካል። ባትሪው ቶሎ የሚወርደው ለዚህ ነበር። ሽቦዎቹ የሚታሰሩበትን ሁለቱን ጎን በፕላስቲክ መክተፊያ ቀየርኩት። ሁለት የወጥ ቤት መክተፊያ፣ 520 ብር። በመጋዝ ይቆረጣል፣ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ውሃ አይጠጣም። ከመሣሪያው በሙሉ በጣም የምደሰትበት ክፍል ይኼ ነው።

ሦስቱም ቀፎ ላይ በየተራ አስቀመጥኩ። አንደኛው 0.05፣ ሁለተኛው 0.07፣ ሦስተኛው 0.04 ግራም።

መስታወቱን ገና ሳይደርቅ በአጉሊ መነጽር አየሁት። መቼም አልረሳውም። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ጠብታዎች፣ እንደ ውሃ ጥርት ያሉ። አንዳንዱ ጠብታ ጅራት አለው፤ ንቧ እየተሳበች የለቀቀችው ነው። ዓይኔ እያየ ከጠርዙ መድረቅ ይጀምራል። ጠርዙ ይነጣል፣ ወደ መሀል የሚሄዱ ስንጥቆች ይወጡበታል፣ በመጨረሻ እንደ ደረቀ የእንቁላል ነጭ ይሆናል። የፈሳሹ አብዛኛው፣ ወደ 88 በመቶው፣ ውሃ ነው። የቀረችው ደረቅ ነገር ናት ሥራውን ሁሉ የምትሠራው።

ሚዛን የለኝም። ጥቃቅን ነገር የሚመዝን ያለው ወርቅ ቤት ነው። ደሴ የሚያውቁኝ አንድ ወርቅ ሠሪ አሉ። መርዙን በጠርሙስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። ጋሼ መጀመሪያ ሲያዩት "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። የንብ መርዝ ስላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ክዳኑ እንደማይከፈት ስነግራቸው ግን መዘኑልኝ። ከዚያ ወዲህ በሰበሰብኩ ቁጥር እሳቸው ጋ ነው የምመዝነው።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት

ሁለተኛ ዙር። አንደኛው 0.06፣ ሁለተኛው 0.08። ሦስተኛውን ዘለልኩት፣ ደከም ያለ ይመስላል።

ስፍቅ ተሳሳትኩ። ደረቅ መርዝ በምላጭ ሲፋቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። አፌን በጨርቅ ሸፍኜ ነበር፣ ዓይኔን ግን አልሸፈንኩም። መጀመሪያ ማስነጠስ፣ ከዚያ የግራ ዓይኔ ማቃጠል ጀመረ። በውሃ ብዙ ታጠብኩ። እስከ ማታ ድረስ ዓይኔ አብጦ ተዘጋ። እህቴ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። መጥታ አየችኝና ተቆጣች። "እያወቅክ እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ? ዱቄቱን ደጋግሞ መተንፈስ እኮ አንተንም እንደ ወንድማችን ሊያደርግህ ይችላል" አለች። ልክ ናት። አለርጂ ከመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ሰውነት ተደጋግሞ ሲያየው ነው የሚለየው። በማግስቱ መነጽር፣ ትክክለኛ ማስክና ጓንት ገዛሁ፣ 380 ብር። ይኼ የመጀመሪያው ቀን ወጪ መሆን ነበረበት። መፋቂያውንም ንፋስ የማይገባበት፣ ሁለት የእጅ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አደረግሁት።

ያን ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን መርዙ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ አየነው። እስካሁን አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር አይደለም።

ከደረቁ መርዝ ግማሹ ሜሊቲን ነው። ከ26 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ጥቃቅን ቀለበቶች) ብቻ የተሠራች ትንሽ ሰንሰለት ናት። አንዱ ጫፏ ስብ ይወዳል፣ ሌላው ጫፏ ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል። የሴል ሽፋን ከስብ የተሠራ ስለሆነ ትሰካበታለች፣ ብዙ ሆነውም ይበሱታል። ስንነደፍ ወዲያው የሚያቃጥለን በዋናነት እሷ ናት። የሚገርመው ንቧ ራሷን እንዴት እንደማትበሳ ነው። መጀመሪያ የምትሠራው ረዘም ያለና ሥራ የማይሠራ ቅርጽ ነው። ኢንዛይም (ሌሎች ሞለኪውሎችን የሚቆርጥ ወይም የሚለውጥ ፕሮቲን) ነው ትርፉን ቆርጦ ሜሊቲንን የሚያወጣት። ከረጢቱ ውስጥም አራት አራት እየሆኑ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ።

ቀጥሎ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 ነው፣ ከ10 እስከ 12 በመቶ። ኢንዛይም ነው። ሜሊቲን የከፈተችውን ሽፋን ይቆርጠዋል። ከሚቆረጠው የሚወጣው ነገር ደግሞ እብጠትና ሕመም የሚያመጡ ኬሚካሎች መነሻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻ ከሚሠሩት በላይ ይሠራሉ። የብዙ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ሰውነት ለይቶ የሚጠብቀውም ይኼን ኢንዛይም ነው። ወንድሜን የጣለው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሃያሉሮኒዴዝ ጥቂት ናት፣ ሥራዋ መንገድ መጥረግ ነው። በሴሎቻችን መሀል ያለውን እንደ ሙጫ ያለ ነገር ታሟሟለች፣ ሌሎቹ እንዲሠራጩ። የእብጠቱ ስፋት በከፊል የእሷ ሥራ ነው።

አፓሚን 18 አሚኖ አሲድ ብቻ ናት። ነርቭ ላይ ያለ አንድ ዓይነት የፖታሲየም በር ትዘጋለች። ሳይንቲስቶች ያንን በር ለማጥናት እስካሁን እሷን ይጠቀማሉ። ሌላ 22 አሚኖ አሲድ ያላት ደግሞ ማስት ሴል የሚባሉትን ሴሎቻችንን ታፈነዳለች፣ ከውስጣቸው ሂስታሚን የሚባል የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ኬሚካል ይወጣል። መርዙ ራሱም ትንሽ ሂስታሚን ይዞ ነው የሚመጣው።

እህቴ በአንድ ቃል ገለጸችው፦ "ደቦ ነው።" አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይጎለጉላል። ከዚያ ወዲህ መርዝ ስል ደቦው ነው የሚታየኝ።

ታኅሣሥ፣ ከገና ማግስት

ሦስተኛ ዙር ከገና በፊት ተሰበሰበ፣ ከሁለት ቀፎ 0.05 እና 0.07።

ለገና በግ ታረደ። ደሙን በንጹህ ሳህን ተቀብዬ በንጹህ እንጨት ሳላቋርጥ አማሰልኩት። ሲማሰል የሚረጋው ክር እንጨቱ ላይ ይጠቀለላል፣ ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። እህቴ በጨው ውሃ (በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው) ደጋግማ አጥባ ቀይ ሴሎቹን ለየች። ከዚያ መቶ እጥፍ አቀጠነችው። እንደ ሮዝ ወተት ያለ፣ በሌላ በኩል የማያሳይ ፈሳሽ ሆነ።

0.01 ግራም መርዝ በ10 ሚሊሊትር የጨው ውሃ አሟሟን። ከዚያ ሦስት ቱቦ። አንደኛው ምንም የለውም። ሁለተኛው በሚሊሊትር 0.01 ሚሊግራም መርዝ፣ ሦስተኛው 0.1። ከቱቦዎቹ ጀርባ ጋዜጣ ለጠፍን።

ሦስተኛው ቱቦ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ድፍርሱ ጠፋ። ቀይ፣ ግን ጥርት ያለ ሆነ። የጋዜጣው ፊደል በውስጡ ተነበበ። ሴሎቹ ፈነዱ፣ በውስጣቸው የነበረው ቀዩ ሂሞግሎቢን ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ እዚያው ደረሰ። አንደኛው እስከ ማታ ድፍርስ እንደሆነ ቆየ፣ ሴሎቹ ከታች ዘቀጡ።

እህቴ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና አንድ ነገር ነገረችኝ። ብዙ መቶ ንብ የነደፈው ሰው አለርጂ ባይኖርበትም ኩላሊቱ የሚጎዳው በዚህ ነው። ቀይ ሴልም ጡንቻም ይፈርሳል፣ ፍርስራሹ ኩላሊትን ይዘጋል። ይኼ ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መንጋ የነደፈው ሰው "አሁን ደህና ነኝ" ቢልም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ጥር፣ 1ኛ ሳምንት

ሁለት ትንንሽ ሙከራ።

የመጀመሪያው፦ መርዙን በፈላ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆይተን ደሙ ላይ ጨመርን። አሁንም ደሙ ጠራ። ሜሊቲን በሙቀት አትበላሽም። እኔ በሙቀት ይጠፋል ብዬ የመፋቂያ ምላጩን በፈላ ውሃ ብቻ ነበር የማጥበው። አሁን በብዙ ውሃና በሳሙና አጥቤ አጠራቅሜ እጥላለሁ።

ሁለተኛው የፎስፎሊፔዙን ሥራ ለማየት ነው። የእንቁላል አስኳል በጨው ውሃ አቅጥነን በሁለት ቱቦ ከፈልነው። አንዱ ላይ መርዝ ጨመርን። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትን። መርዝ የሌለው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ረጋ። መርዝ ያለበት በአምስተኛው ደቂቃም ሲያጋድሉት ይፈስሳል። አስኳል ውስጥ ያለውን ሌሲቲን የሚባል ስብ ኢንዛይሙ ስለቆራረጠው አስኳሉ እንደ ወትሮው ሊረጋ አልቻለም። ይኼን የመሰለ ሙከራ በወጥ ቤት ዕቃ መሥራት መቻሉ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ። ቱቦዎቹ ግን ወጥ ቤት አልተመለሱም።

ጥር፣ 3ኛ ሳምንት

አራተኛ ዙር፣ 0.04 እና 0.05። ወረደ።

ቀፎ ከፍቼ አየሁ። ሦስተኛው አሁንም ደካማ ነው። ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ግን በሩ ላይ ጠባቂ ንብ ሳስቷል። መጀመሪያ ላይ በሩን ስቀርብ ሦስት አራት ወጥተው ያዩኝ ነበር። አሁን ዝም ይላሉ።

ለምን እንደሆነ ገባኝ። ንብ ስትፈለፈል መርዟ ከምንም አይቆጠርም። ከረጢቱ ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆናት ይሞላል። ያ ዕድሜ በር የምትጠብቅበት፣ ከዚያም ቀሰም ፍለጋ የምትወጣበት ነው። እኔ ደግሞ መሣሪያዬን የማስቀምጠው በር ላይ ነው። ከቀፎው የምወስደው ከጠባቂዎቹ ነው ማለት ነው። መርዙ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ከአበባ ዱቄት ነው የሚመጣው። ጥር ላይ ኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው አበባ ደግሞ ብዙ አይደለም።

መርዝ ለእነሱ የሚሠራው ሥራ ካሰብኩት ሰፊ ነው። ማር ሊበላ ለሚመጣ አውሬ ሕመም ነው ዋናው፤ ሁለተኛ እንዳይመጣ የሚያስተምረው ሕመሙ ነው። ንግሥቷም መርዝ አላት። እሷ ከመጀመሪያው ቀን ዝግጁ ሆና ነው የምትወጣው፣ ምክንያቱም ሌላ ንግሥት ካለች ወዲያው መግደል አለባት። ድንጉላ፣ ወንዱ ንብ፣ ግን መንደፊያም የለው። ሌላም አለ። የመርዙ ክፍሎች በንቦቹ ገላና በሰሙ ላይ ተገኝተዋል። ሜሊቲን ባክቴሪያንም ስለምትበሳ፣ ቤታቸውን ከበሽታ ለመጠበቅም ያግዛቸዋል ማለት ነው።

መሰብሰቡን አቆምኩ። መሣሪያው ወደ መጋዘን ገባ። ሽቦዎቹ አልዛጉም።

ጥር፣ መጨረሻ

ንጹህ የተሰበሰበው ድምር 0.51 ግራም። ለሙከራ 0.02 ወጣ። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን በወጣ እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ወጪ፦ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ሲደመር 5,340 ብር። የሐረጎ መንገድና የእማማ ማር አልተቆጠረም።

መሸጡን ጠይቄ ነበር። የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ የሜሊቲኑን መጠን የሚያሳይ የላብራቶሪ ወረቀት አምጣ አሉኝ። ግማሽ ግራም ለማስመርመር የሚወጣው ከዋጋው ይበልጣል። ለቁርጥማት ብለው የጠየቁኝም አሉ። የንብ መርዝን ለቁርጥማት የማዋል ነገር የቆየ ነው፤ ፊሊፕ ቴርች የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ጽፎበታል። እኔ ለማንም አልሰጠሁም። ወንድሜን ያየሁ ሰው ነኝ። የማን ሰውነት ምን እንደሚጠብቅ ሳይታወቅ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም።

ይኸው መርዝ ግን የወንድሜ ዓይነት ሰው መድኃኒትም ነው። በንጹህ ላብራቶሪ ተጣርቶ፣ ከኢምንት ተጀምሮ፣ በሐኪም ፊት ቀስ በቀስ እየጨመረ ይወጋል። የሚደረስበት መጠን 100 ማይክሮግራም ነው፣ የአንድ ንድፊያ ያህል። ሦስት፣ አምስት ዓመት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት ንጹህ መርዝ እንደሚሠራ፣ ሙሉ ንብ ተፈጭቶ የሚሠራው የቀድሞው መድኃኒት ግን እንደማይረዳ አሳይቷል። የእኔ ጠርሙስ ለዚያ አይሆንም። ወንድሜ ግን እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን አላወቀም ነበር።

ትናንት ደሴ ወጥቼ ድምሩን ለመጨረሻ ጊዜ ስመዝን ወንድሜን ይዤው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢዬ ገብቶ አያውቅም። ጋሼ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ሚዛኑን አዘጋጁ። ወንድሜ በር ላይ ቆመ። ጠርሙሱ እንደታሸገ ሲያይ ቀረብ አለ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

ሚዛኑ ባዶውን ጠርሙስ ቀንሶ 0.49 አለ። የሚዛኑ ትንሿ ቁጥር 0.01 ግራም እንደሆነች ነገርኩት። ያቺ ትንሿ ቁጥር እንድትነቃነቅ ከ70 እስከ 100 ንብ ያስፈልጋል። እሱን የጣለችው አንዲት ናት። ብታስቀምጣት ሚዛኑ ዜሮ ይላል።

ጋሼ ሚዛኑን ሊያጠፉ ሲሉ "ቆይ እስቲ" አለና ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን በብርሃን በኩል አየው።